ያረጁ የነዳጅ ጉድጓዶች፣ የከርሰ ምድር ሙቀትና የደቡብ ጎንደር ደጋ፦ ለነዋሪው ምን ይዞ ይመጣል?

በቅርብ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲመረትባቸው ቆይተው የተነጠፉ ጥልቅ ጉድጓዶችን ለከርሰ ምድር ሙቀት (ጂኦተርማል) ማውጫነት የመለወጥ ሙከራ እየሰፋ መጥቷል። ዜናው በየመገናኛ ብዙኃኑ በተሰራጨ ቁጥር ከደብረ ታቦርና ከአካባቢዋ ወረዳዎች ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይነሣሉ። ጉና ራሱ የእሳተ ገሞራ ተራራ ከሆነ፣ በደራ ወረዳ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ከመሬት የሚፈልቅ ከሆነ፣ ደጋው ለምን ማገዶ ሲለቅም ይኖራል? እኛስ ጉድጓድ አስቆፍረን ሙቀቱን ወደ ቤታችንና ወደ ወፍጮ ቤታችን ማምጣት አንችልም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባል አይደለም። ይህ ጽሑፍ ቴክኖሎጂው በእርግጥ ምን እንደሆነ፣ በአገራችን የትኞቹን ጉድጓዶች እንደሚመለከት፣ ለደቡብ ጎንደር ነዋሪ ደግሞ ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል።

በመጀመሪያ የነገሩን መሠረት እንይ። ወደ መሬት ውስጥ በገባን ቁጥር ሙቀት ይጨምራል። እሳተ ገሞራ በማይንቀሳቀስበት ተራ አካባቢ ጭማሪው በእያንዳንዱ 1 ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እንግዲህ 3 ኪሎ ሜትር የወረደ የነዳጅ ጉድጓድ፣ ነዳጁ ቢያልቅም ባያልቅም፣ ከሥሩ የሚገኘው አለት 100 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል ማለት ነው። የጉድጓድ ቁፋሮ በአንድ የጂኦተርማል ፕሮጀክት ጠቅላላ ወጪ ውስጥ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ድርሻ ይወስዳል፤ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ በርካታ ሚሊዮን ዶላር ይጠይቃል። ስለዚህ «ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሯል፣ ወጪው ተከፍሏል፣ ለምን ሙቀቱን አንጠቀምበትም?» የሚለው ሐሳብ በሒሳብ ረገድ ማራኪ ነው።

ሙቀቱ በሁለት መንገድ ይወጣል። አንደኛው ጉድጓዱ ከነዳጁ ጋር አብሮ የሚያወጣውን ትኩስ ውሃ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ጉድጓዱን ከታች በሲሚንቶ ዘግቶ፣ በውስጡ ሌላ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ንጹሕ ውሃ በአንዱ በኩል ወርዶ በሌላው እየሞቀ እንዲመለስ ማድረግ ነው። በሁለተኛው ዘዴ ከመሬት የሚወጣ ምንም ፈሳሽ የለም፤ የሚወጣው ሙቀት ብቻ ነው። ይህ ለአካባቢ ጥበቃ ይበጃል፤ ነገር ግን ሙቀቱ የሚሰበሰበው በቱቦው ግድግዳ በኩል ብቻ ስለሆነ መጠኑ የተወሰነ ነው።

የተሠሩትን ብንመለከት፣ በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ቲፖት ዶም በሚባለው የመንግሥት የነዳጅ መስክ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 250 ኪሎ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው መሣሪያ ከነዳጅ ጋር በሚወጣ 90 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ውሃ ተሞክሯል። በቻይና ሁዋቤይ የነዳጅ መስክ እ.ኤ.አ. በ2011 የ400 ኪሎ ዋት ማመንጫ ሥራ ጀምሯል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ፓራንቲስ በተባለ ቦታ ደግሞ ከነዳጅ ጉድጓድ የሚወጣው ትኩስ ውሃ ቲማቲም የሚመረትበትን የመስታወት ቤት ያሞቃል። በእንግሊዝ አገር ሰሜን ዮርክሻየር ኪርቢ ሚስፐርተን ላይ ያለ የጋዝ ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ2023 በዝግ ቱቦ ዘዴ ተፈትኗል። በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ቱትል በምትባል አነስተኛ ከተማ አጠገብ የሚገኙ 4 ያረጁ ጉድጓዶች ትምህርት ቤቶችን ለማሞቅ እንዲውሉ የተጀመረ ፕሮጀክትም አለ።

አንባቢ ከእነዚህ ምሳሌዎች ሁለት ነገሮችን እንዲያስተውል እንፈልጋለን። አንደኛ፣ መጠኑ በኪሎ ዋት እንጂ በሜጋ ዋት አልተቆጠረም። ሁለተኛ፣ ውጤት ያስገኙት በአብዛኛው ሙቀቱን በሙቀትነቱ፣ እዚያው በአጠገቡ የተጠቀሙት ናቸው። ምክንያቱን በቤታችን ዕቃ እናስላው። አንድ የተለወጠ ጉድጓድ በዝግ ዘዴ 300 ኪሎ ዋት ሙቀት ይሰጣል እንበል፤ ይህ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉድጓድ የተለመደ ልክ ነው። ውሃው 100 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከሙቀቱ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። ከ20 እስከ 25 ኪሎ ዋት ቢገኝ ደኅና ነው፤ ከዚያም ላይ ለፓምፑ የሚወሰድ አለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል። እንግዲህ 3 ሺህ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ያመነጨው ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ የሚያስጋግረው 6 ምጣድ ነው ማለት ነው። ይኸው ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለወጥ እህል ቢያደርቅበት ወይም ውሃ ቢያሞቅበት ግን 300 ኪሎ ዋቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሥራ ላይ ይውላል።

የአገራችን ጥልቅ ጉድጓዶች የት ናቸው?

በኢትዮጵያ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶች በብዛት የሚገኙት በሶማሌ ክልል በኦጋዴን ተፋሰስ ነው። ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሉብና በሂላላ ጋዝ አገኘ። በኋላም የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች በዚያው አካባቢ ቁፋሮውን ቀጥለው ነበር። ከዚያ ወዲህ መስኩ ከአንዱ ባለ ፈቃድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሮ፣ የካሉብ ጋዝ ልማት የመጀመሪያ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመርቋል። እነዚህ ጉድጓዶች እንግዲህ «የተነጠፉ» አይደሉም፤ ዋጋቸው ገና አሁን እየታየ ነው። በደቡብ ኦሞ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 በቱሎው ኦይል የተቆፈሩት ሳቢሳ፣ ቱልቱሌ፣ ሽመላና ጋርዲም የተባሉት 4 ጉድጓዶች ግን ለምርት የሚበቃ ነዳጅ አልተገኘባቸውም።

በደቡብ ጎንደር ለዚህ የሚሆን ያረጀ የነዳጅ ጉድጓድ የለም። በአባይ ተፋሰስ በደቡብ ወሎ ወረኢሉ አካባቢ ነዳጅ ዘይት ከመሬት ሲንጠባጠብ የታየበት ቦታ እንዳለ ይታወቃል፤ ያ ግን ምልክት እንጂ ጉድጓድ አይደለም። ሙቀት ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ በሽቦ አይሄድም። በአይስላንድ ከነስያቬትሊር ማመንጫ እስከ ሬይክያቪክ ከተማ ትኩስ ውሃ የሚወስደው ቱቦ 27 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ይህም በዘርፉ ረጅም ከሚባሉት አንዱ ነው። ከኦጋዴን ወይም ከኦሞ የሚወጣ ሙቀት ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ቤት ያሞቃል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ርቀቱ ብቻ በቂ መልስ ነው።

በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ስለ «ያረጁ ጉድጓዶች» ሲወራ በአገራችን ቀድሞ መነሣት የሚገባው የነዳጅ ጉድጓድ ሳይሆን የራሳችን የእንፋሎት ጉድጓድ ነው። የጂኦተርማል ፍለጋ በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል በሚገኘው የአሉቶ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ድረስ 8 የፍለጋ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ጥልቁ 2,500 ሜትር ደረሰ፤ ከመካከላቸው ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት የተለካባቸው ተገኙ። ከስምንቱ ግማሽ ያህሉ ብቻ ለኃይል ማመንጫ የሚሆን እንፋሎት ሰጡ። ከዚያስ? ጉድጓዶቹ ከ10 ዓመት በላይ ተዘግተው ቆዩ። 7.2 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሙከራ ጣቢያ የተተከለላቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

ጣቢያው የተሠራበት ዘዴ ዛሬ በዓለም ስለ ነዳጅ ጉድጓዶች ከሚወራው ጋር ዝምድና አለው። እንፋሎቱ አንዱን ተርባይን ካንቀሳቀሰ በኋላ ቀሪው ሙቀት ከውሃ ባነሰ ሙቀት የሚፈላ ሌላ ፈሳሽ አፍልቶ ሁለተኛውን ተርባይን ያዞራል። ይሁን እንጂ ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጉድጓዶቹና በሙቀት መለዋወጫ መሣሪያዎቹ ላይ በደረሱ ብልሽቶች ምክንያት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጥገና ተደርጎለት በከፊል ተመለሰ፤ ያም ቢሆን ሙሉ አቅሙን ይዞ አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ሁለት ተጨማሪ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ በኋላም የኬንያው ኬንጀን ኩባንያ ለማስፋፊያው የቁፋሮ ሥራ ተሰማርቷል።

በአፋር ክልል በተንዳሆ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1998 በኢጣሊያ መንግሥት ድጋፍ በዱብቲ የጥጥ እርሻ አካባቢ 6 ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ሦስቱ ጥልቅ፣ ሦስቱ 500 ሜትር አካባቢ የሚወርዱ ናቸው፤ ሙቀታቸው ከ250 ዲግሪ ያልፋል። አንድ ከኦክላሆማ ወይም ከዮርክሻየር የመጣ መሐንዲስ 500 ሜትር ወርዶ እንዲህ ያለ ሙቀት ቢያገኝ እንዴት እንደሚደነቅ መገመት አያዳግትም። በእነዚያ አገሮች ያረጀ ጉድጓድ ቀዝቃዛውን አለት እየታገለ ሙቀት ይለቅማል፤ እኛ ዘንድ ሙቀቱ ሞልቶ የሚጎድለው ገንዘብ፣ መለዋወጫ፣ የጥገና ባለሙያና ትዕግሥት ነው። የአሉቶ ታሪክ በግልጽ የሚያሳየው ጉድጓድ መቆፈር የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው አዲስ ቴክኖሎጂ ለኢትዮጵያ ይጠቅማል ወይ ተብለን ብንጠየቅ፣ በዋናነት የሚጠቅመን የጉድጓድ ጥገና ክህሎቱ ነው እንላለን። የዛገ የብረት ቱቦ ሽፋን (ኬሲንግ) ማደስ፣ የተሰነጠቀ ሲሚንቶ መድፈን፣ በማዕድን ቅሪት የጠበበ ጉድጓድ ማጽዳት፣ በቂ እንፋሎት ያልሰጠ ጉድጓድን በሌላ ዘዴ ለሥራ ማዋል፤ ይህ ሁሉ ከነዳጅ ኢንዱስትሪው የሚገኝ ዕውቀት ነው።

ጉና ለምን አይሞቅም?

የደብረ ታቦር ነዋሪ «የእኛስ ተራራ?» ቢል መብቱ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ በእርግጥም በእሳተ ገሞራ የተገነባ ተራራ ነው። ነገር ግን የተገነባው ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከሥሩ ያለው ሰፊ የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ደግሞ 30 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ነው። እንዲህ ያለ ዕድሜ ያለው ተራራ የነበረውን እሳት ጨርሷል። አሉቶና ተንዳሆ የሚገኙት ግን መሬት እስከ ዛሬ እየተለያየ በሚሄድበት በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ነው፤ በዚያ ቀልጦ የነበረው አለት ከገጸ ምድር ሩቅ አይደለም። የልዩነቱ ምክንያት ይኸው ነው። በደብረ ታቦር 3 ኪሎ ሜትር ቢቆፈር የሚገኘው ከላይ ባሰላነው ሒሳብ ከ90 እስከ 105 ዲግሪ ያለ አለት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ሲባል አዲስ ጉድጓድ በሚሊዮን ዶላር ማስቆፈር ስድስት ምጣድ ለማብራት ሀብት ማባከን ይሆናል።

የዋንዛዬ ፍል ውሃስ? ከጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚፈልቀው ይህ ውሃ ከቅርብም ከሩቅም ሰው ለመታጠብና ለመዳን የሚመጣበት መሆኑን የአካባቢው ሰው ከእኛ በላይ ያውቃል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን ሙቀት ለማግኘት ቀልጦ ያልቀዘቀዘ አለት አያስፈልግም። በደጋው የዘነበ ዝናብ በአለት ስንጥቅ በኩል 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ፣ በተለመደው የመሬት ሙቀት ሞቆ፣ በሌላ ስንጥቅ ፈጥኖ ቢመለስ ይበቃል። ስለዚህ ፍል ውሃ መኖሩ ብቻውን ከሥሩ ኃይል ማመንጫ የሚሆን እንፋሎት አለ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ግድ ነው። በፍል ውሃ አጠገብ ያለ ጥናት ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር የውሃውን መንገድ ሊያዛባ ይችላል። በኒውዚላንድ ዋይራኬ የጂኦተርማል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1958 ሥራ ከጀመረ በኋላ በአቅራቢያው በታወቀ ሸለቆ ውስጥ ወደ ላይ ይፈናጠሩ የነበሩ ፍል ውሃዎች ደርቀዋል። ዋንዛዬን የሚያህል የሕዝብ መገልገያ በችኮላ ቁፋሮ ቢጠፋ ማንም የሚተካው አይሆንም።

ሙቀት ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን ለመረዳት ከደብረ ታቦር መራቅ አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በከተማዋ አቅራቢያ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያስቀልጡ፣ ነሐሱን ፈሳሽ ለማድረግ ወደ 1,000 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልግ ነበር፤ ያን ያህል የሚሰጠው በወናፍ የሚነፋ ከሰል ብቻ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ 200 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ሩዝ ከመፈልፈሉ በፊት በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ሲዘጋጅ የሚያስፈልገው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሲሆን፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ለማድረቅ የሚነፍሰው አየርም በዚሁ ልክ ቢሞቅ በቂ ነው። ገላ ለመታጠብ ደግሞ የዋንዛዬ 40 ዲግሪ ይበቃል። ካረጀ የነዳጅ ጉድጓድ ወይም ከተራ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓድ የሚገኘው ሙቀት እንጀራ አይጋግርም፤ ሩዝ ግን ያዘጋጃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ሩዝ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የፎገራ ሜዳ የአገሪቱ የሩዝ ማዕከል ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚያው በፎገራ ይገኛል። የፎገራ ሩዝ በገበያ ላይ ከውጭ ከሚገባው ጋር ሲወዳደር ከሚነሡበት ቅሬታዎች አንዱ ሲፈለፈል መሰባበሩ ነው። በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ በእንፋሎት የታሸ ሩዝ የሚሰባበረው ያነሰ ነው። በሊቦ ከምከምና በፎገራ የሚመረተው ሽንኩርትና ቲማቲም ደግሞ በአንድ ወቅት ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ዋጋው ይወድቃል፤ ማድረቂያ ቢኖር የገበሬው እጅ ባልታሰረ ነበር። በጎረቤት ኬንያ በመነንጋይ የጂኦተርማል መስክ ከኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ወተት የሚያፈላ፣ እህል የሚያደርቅ፣ የአትክልት ቤትና የዓሣ ኩሬ የሚያሞቅ ማሳያ ተሠርቷል። በናይቫሻ አጠገብ ያለው የኦሴሪያን የአበባ እርሻም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለኃይል ማመንጫነት ያልተመረጠ አንድ የእንፋሎት ጉድጓድ ከኬንጀን ተከራይቶ ጽጌረዳ የሚያሳድግባቸውን ቤቶች አሙቋል። «ያረጀ ወይም የማያመነጭ ጉድጓድ ምን ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ይህ ይመስለናል፤ በተለይ ለዝዋይና ለዱብቲ። ፎገራ ግን እንፋሎት ስለሌለው በአሁኑ ሁኔታ ማድረቂያውን ከፀሐይና ከሩዝ ገለባ ማግኘቱ ከጥልቅ ቁፋሮ በብዙ እጥፍ ይቀላል። ይህን በግልጽ መናገር ሰውን ተስፋ ከማስቆረጥ አይቆጠርም።

ለደቡብ ጎንደር የጂኦተርማል ጥቅም የሚደርሰው በቱቦ ሳይሆን በሽቦ ነው። አሉቶም ሆነ ቱሉ ሞዬ ወይም ተንዳሆ የሚመነጨው ኃይል ወደ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ይገባል፤ የደብረ ታቦር መብራትም ከዚያው መረብ ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እያለ የአሉቶ 7 ሜጋ ዋት ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ልዩነቱ ዝናብ ላይ ነው። የአገራችን የኃይል ምንጭ እጅግ የሚበዛው ውሃ ነው፤ ዝናብ ባጠረ ዓመት ግድቦች ይጎድላሉ። የከርሰ ምድር እንፋሎት ግን ክረምትና በጋ፣ ቀንና ሌሊት አይለይም። በመረቡ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ቢሆን እንኳ ድርቅ ሲመጣ ዋጋው ከመጠኑ በላይ ይሆናል።

ጉናም ቢሆን በዚህ ታሪክ ውስጥ ባዶ እጁን አይደለም። ከእርሱ የሚነሡት ጉማራና ርብ ወደ ጣና ይገባሉ፤ የጣና ውሃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረውን የ460 ሜጋ ዋት የበለስ ማመንጫ ያንቀሳቅሳል፤ በአባይም በኩል ወደ ህዳሴ ግድብ ይደርሳል። የደጋው ገበሬ እርከን ሲሠራና ችግኝ ሲተክል አፈሩን ብቻ ሳይሆን የማመንጫዎቹንም ውሃ እየጠበቀ ነው። እሳቱ የበረደ ተራራ በውሃው ያበራል፤ በጥናት ላይ ያልተመሠረተ ጥልቅ ቁፋሮ ለዚያ ምንም አይጨምርም።

ባለጉዳይ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የከርሰ ምድር ሙቀትም በዚሁ ሥር ይወድቃል። ዝርዝሩ የተደነገገው በጂኦተርማል ሀብት ልማት አዋጅ ቁጥር 981/2008 ነው። አዋጁ ሀብቱን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል፤ አንዱ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚውለው ከፍተኛ ሙቀት ያለው ሲሆን፣ ሌላው በቀጥታ ለማሞቂያ፣ ለማድረቂያ፣ ለመታጠቢያና ለመሳሰለው የሚውለው ነው። ሁለቱም ፈቃድ የሚጠይቁ ናቸው። ስለዚህ በማሳው ወይም በግቢው ፍል ውሃ ያለው ሰው ለመዋዕለ ንዋይ ሥራ ሊያለማው ቢፈልግ፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ መያዙ ብቻውን የሙቀቱን የማልማት መብት አይሰጠውም።

የመጠጥ ውሃ ጉድጓድን በተመለከተ፣ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም። በመሣሪያ የሚቆፈር ጉድጓድ ግን ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ቆፋሪውም በሥራው የተፈቀደለት መሆን አለበት። ጥያቄው የሚቀርበው ለወረዳው ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለውን የዞኑ መምሪያና የክልሉ ቢሮ ይመለከቱታል። የቆፋሪውን ፈቃድ አስቀድሞ እንዲያሳይ መጠየቅ የአስቆፋሪው መብት ነው፤ ብዙዎች ይህን የሚጠይቁት ገንዘቡ ከወጣ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

«ከመሬት በታች ያለ እንፋሎት እናወጣላችኋለን፣ አክሲዮን ግዙ» ወይም «የቤታችሁን መብራት ከጉድጓድ እናመጣለን» የሚል ሰው ከመጣ፣ ከላይ ያሰላነውን ማስታወስ ይበጃል። ለሚያቀርበው ሐሳብ የፍለጋ ፈቃድ ያለው መሆኑን ማሳየት ይኖርበታል፤ ይህም የኢነርጂ ዘርፉን በሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በኩል የሚረጋገጥ ነው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ፣ የመስመር ዝርጋታና የኃይል መቆራረጥ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የሚስተናገደው በደብረ ታቦር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ነው። ባለጉዳዮች በዚህ ምክንያት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እንዳይመላለሱ ከወዲሁ መለየቱ ይጠቅማል።

በመጨረሻ አንድ ወጪ የማይጠይቅ ነገር አለ። በየቀበሌው ለመጠጥ ውሃ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ከ100 ወይም ከ200 ሜትር በታች ያለው የውሃ ሙቀት ይለካል፤ ወይም ሊለካ ይችላል። ይህ ቁጥር ከጉድጓዱ ጥልቀትና ከውሃው መጠን ጋር አብሮ በርክክብ ሰነዱ ላይ ከተመዘገበ፣ ስለ ደቡብ ጎንደር የከርሰ ምድር ሙቀት አሁን ካለን በላይ የተሟላ መረጃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሰበሰባል። የውሃ ኮሚቴ አባላት ጉድጓዱን ሲረከቡ ይህ አኃዝ በሰነዱ ላይ መኖሩን እንዲያዩ፣ ከሌለም ከመፈረማቸው በፊት እንዲጠይቁ እንመክራለን። ውሃው ከተለመደው ውጭ ሞቅ ብሎ ከተገኘ፣ ወይም የድኝ ሽታ ካለው፣ ለመጠጥ ከመዋሉ በፊት የጥራት ምርመራ እንዲደረግለት ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ትኩስ ውሃ በጥልቁ አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የመሰሉ ማዕድናትን ይዞ ሊወጣ ይችላልና።